ትንሿን ጀልባ ከመግዛት በፊት ማደሪያዋን መለካት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጣና ዳር የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ስለ ዲንጊ ነው። ዲንጊ የምንላት ትልቋ ጀልባ መልሕቅ ጥላ ስትቆም ሰውና ዕቃ ወደ ዳር የምታመላልሰው ትንሿ ጀልባ ናት። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የጀመሩት ከዋጋና ከዓይነት ነው። እኛ ግን የምናስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ትንሿ ጀልባ የት ትሆናለች? ይህ ሳይታወቅ የተገዛች ዲንጊ ወይ ዳር ላይ ትቀራለች፣ ወይ በገመድ እየተጎተተች ትሰባበራለች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከወንድሜ ጋር ሆነን 7.5 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ እያሠራን ነው። አራት ሆነን ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ለመሄድ አስበናል። ጀልባዋ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ስለምትፈልግ እስከ ዳር አትጠጋም። የምትነፋ የጎማ ጀልባ ይሻለናል ወይስ በእንጨት እናሠራ? መጠኗስ ምን ያህል ይሁን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ጀልባችሁ ላይ ውጡ። ከምሰሶው ሥር እስከ ፊት መልሕቅ ማስቀመጫው ድረስ ያለውን ክፍት ወለል ለኩ። ወርዱን ስትለኩ በሁለቱም ጎን ለእግር 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ። በእናንተ ጀልባ መጠን ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር አይበልጥም። ሦስት ሰው በደኅና የምትይዝ ዲንጊ ደግሞ ቢያንስ 2.4 ሜትር ትሆናለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። 2.4 ሜትር የሆነች አንድ ወጥ የእንጨት ወይም የፋይበር ግላስ ጀልባ ብትገዙ የምትቀመጥበት ቦታ የላችሁም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የምትነፋዋ ናት። ከ2.3 እስከ 2.5 ሜትር የምትረዝመው ከ20 እስከ 28 ኪሎ ትመዝናለች፤ አየሯ ወጥቶ ስትጠቀለል በግምት 1.1 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታዋ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል ትሆናለች። ይህ የትም ይገባል። ድካሙ በየጊዜው መንፋቱ ነው። በእግር ፓምፕ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ ይሰለቸውና እንደተነፋች ከኋላ መጎተት ይጀምራል፤ ያኔ የመጠቅለሏ ጥቅም ቀረ ማለት ነው። ሌላው ጉዳት የጣና ዳርቻ ነው። የደሴቶቹና የዘጌ ዳር በብዛት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ ይቆርጣል። የጎማ ጀልባ ሆድ ጨርቅ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው እንደተቀመጠባት ድንጋይ ላይ ብትጎተት አንድ ቀን አትቆይም። የምትነፋ ከመረጣችሁ ከሆዷ መሐል ከፊት እስከ ኋላ ድርብ ጨርቅ የተለጠፈባትን ፈልጉ፤ ዳር ስትደርሱም አንሥታችሁ እንጂ ጎትታችሁ አታውጧት።

ሁለተኛው መፍትሔ ሁለት ቦታ የምትከፈል የእንጨት ዲንጊ ናት። አናጢ አስቀድማችሁ ስለያዛችሁ ለእናንተ የምንመርጠው ይህንን ነው። 2.4 ሜትር የምትረዝም፣ ወርዷ 1.2 ሜትር የሆነች፣ ፊቷ ሾጣጣ ሳይሆን ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ይሥራላችሁ። የኋላው ክፍል 1.25፣ የፊቱ 1.15 ሜትር ይሁን። ፊቷ ኋላዋ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ የምትይዘው ቦታ 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መጋጠሚያው ላይ ጀርባና ጀርባቸው የሚነካካ ሁለት 9 ሚሊ ሜትር የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ይቁም፤ በአራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ቡሎን ይያያዙ፤ ሁለቱ ከታች ወለሉ አጠገብ፣ ሁለቱ ከላይ ጠርዙ ሥር። ለየቡሎኑ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ሮንዴላ ይግባበት። አናጢዎች የሚሳሳቱበት ቦታ የመካከሉ መቀመጫ ነው። በሚስማር ተመትቶ ከቀረ ፊቷ ኋላዋ ውስጥ አትገባም፤ ስለዚህ ተነሺ ይሁን።

ለገላዋ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (244 በ122 ሴንቲ ሜትር) ይበቃል፤ የሁለቱ ክብደት 20 ኪሎ ገደማ ነው። ከማዕዘን እንጨቷ፣ ከመቀመጫዋና ከቅቡ ጋር 35 እስከ 40 ኪሎ ትደርሳለች። ግማሿን አንድ ሰው ያነሣታል ማለት ነው።

ኮምፔርሳቶውን ከመግዛት በፊት ፈትኑት። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱ፤ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ አድርቁት፣ እንደገና አንድ ሰዓት ቀቅሉት። ከዚያ በቢላ ጫፍ ንብርብሩን ለመላጥ ሞክሩ። ከተላጠ ለቁም ሣጥን የተሠራ ነው፤ ሙጫው ውኃ አይችልም፣ አንድ ክረምት አይሻገርም። ከተያያዘ ውሰዱ። የሚቀባው ኢፖክሲ የሚባለው፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ሙጫ ይሁን። ፖሊስተር የሚባለው ሙጫ ለፋይበር ግላስ ጀልባ ጥሩ ነው፤ እንጨት ላይ ግን ይዞ አይቆይም፣ ውኃ ከሥሩ ሲገባ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ከገጹ ይልቅ ውኃ ስለሚጠጣ ገጹን ሦስት ጊዜ ስትቀቡ ጠርዙን አራት ጊዜ ቀቡ።

ውኃ ቢሞላት እንዳትሰጥም መንሳፈፊያ ያስፈልጋታል። ነጭ ፎም አትጠቀሙ፤ ቤንዚን ሲነካው ይቀልጣል። ክዳናቸው የማያፈስ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች 100 ሊትር አየር ይይዛሉ፤ ይህ ውኃ የሞላትን ጀልባ ከነትንሽ ሞተሯ አንሳፍፎ፣ ሦስት ሰው ጠርዟን ይዞ እንዲቆይ ያደርጋል። ጀሪካኖቹን ወለል ላይ አታስሩ። ከታች ከሆኑ ውኃ ሲሞላ ወደ ላይ ገፍተው ይገለብጧታል። በሁለቱ ጎን፣ ጠርዙ ሥር ይሁኑ። እያንዳንዱ ወደ 20 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ላይ ስለሚገፋ ሲባጎ አይችለውም፤ መፍቻ ባለው ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ እሰሩት፤ ጀልባዋ ስትከፈል መውጣት አለባቸውና።

አራታችሁም በአንድ ጊዜ አትግቡ። ሁለት ምልልስ ይሁን። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ ከመካከላችሁ ሴት ካለች ቡድኑ ከሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። የጭነት ልኩ የሰው ቁጥር ሳይሆን የጠርዟ ከፍታ ነው፤ ሁሉም ተቀምጦ ከውኃው እስከ ጠርዟ 25 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ አንድ ሰው ይውረድ። የሕይወት አድን ጃኬት ከትልቋ ጀልባ ሳይወርዱ በፊት ይለበሳል።

ጥያቄ፦ የእንጨት ዲንጊያችንን ከፊት ወለሉ ላይ ገልብጠን ለማሰር ሞክረን ማንሣቱ አቃተን፤ ሁለት ጊዜ ከእጃችን አመለጠች። አንድ ወዳጃችን ከኋላ በኩል ሁለት የብረት ክንድ አሠርታችሁ ስቀሏት ይለናል። ምን ትመክሩናላችሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በእጃችሁ ጉልበት አታንሷት፤ ሸራ የምትሰቅሉበት ገመድ አለ። ሞተሯን፣ መቅዘፊያዋንና ቤንዚኗን አስቀድማችሁ በእጅ አውጡ። ውስጧ ያለውን ውኃ ጭለፉ። ከዚያ የምሰሶውን ገመድ ከፊት ቀለበቷ ላይ ብቻ እሰሩና አንዱ ይሳብ፣ አንዱ ከጎን ሆኖ በረጅም ዘንግ ከትልቋ ጀልባ ገላ ያርቃት። ጎኑ ላይ አሮጌ ካላማዳሪያ አንጠልጥሉ። ዲንጊዋ በጭራዋ ቀጥ ብላ ስትቆም የቀረው ውኃ ራሱ ይፈስሳል። የኋላ ሳንቃዋ ወለሉን ሲነካ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ገመዱን ልቀቁ፤ ራሷ ትተኛለች። ገመዱን የሚስበው ሰው ከበደኝ ካለ ከዲንጊዋ ጋር አብሮ የሚወጣ አንድ ፑሊ ጨምሩ፤ ሸክሙን በግማሽ ይቀንሳል። አንዲትም ጊዜ ሰው ከሥሯ አይቁም።

ከታች የምታርፍበት ሁለት ባለ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ እንጨት ይኑር፤ ላዩን በካላማዳሪያ ጎማ ሸፍኑት። አየር ካላለፈ በክረምት ከሥሯ ያለው የወለል ቀለም ይላጣል፣ እንጨቱም ይሻግታል። ማሰሪያ ቀለበቶቹ አራት ይሁኑ፤ የሚያዙትም ወለሉን አልፎ በሚወጣ ቡሎን ነው፤ ከሥር በኩል መዳፍ የሚያህል ላሜራና ዳዶ ይግባበት። በቪቴ የተያዘ ቀለበት ማዕበል ከፊት ገብቶ ዲንጊዋን ከሥር ሲያነሣት አብሮ ይነቀላል። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ቀበቶ በሆዷ ላይ መስቀለኛ አድርጉ፤ ሌላ አንድ ደግሞ ከፊት ቀለበቷ ወደ ፊት። ከጎን ያለው የእጅ መያዣ ብረት ላይ አትሰሩ፤ የተሠራው ለሰው እጅ ነው።

ከታሰረች በኋላ መሪው ጋ ተቀመጡና ወደ ፊት እዩ። ይህን እንዳትዘሉት እንለምናችኋለን። ጣና ላይ ከፊታችሁ የሚመጣው መርከብ ሳይሆን ታንኳ ነው፤ ከውኃው ብዙም አይነሣም፣ በላዩ ያለው ሰውም ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው። ከጀልባችሁ አፍንጫ 15 ሜትር ርቆ ያለው ውኃ ካልታያችሁ ዲንጊዋ ከፍታለች። ወደ ምሰሶው አቅርቧት፣ የአግዳሚውን ከፍታ ቀንሱ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ፊት ቆሞ ይይ። ከወለሉ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ክዳንና መልሕቁም በእርሷ መታገድ የለባቸውም። ሞተር ሲጠፋና ነፋስ ወደ ድንጋይ ሲገፋችሁ መልሕቁን በሰከንዶች ውስጥ መጣል አለባችሁና።

የኋላው የብረት ክንድ ለትልልቅ ጀልባዎች ነው። ለምሳሌ በ7.5 ሜትር ጀልባ ላይ 40 ኪሎ ዲንጊና የክንዶቹ ክብደት ጭራውን ይጫነዋል። ዝናቡን ደግሞ አስቡ። አንድ የሐምሌ ዶፍ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ አፏ ወደ ላይ የተሰቀለች 2.4 ሜትር ዲንጊ ወደ 125 ሊትር ውኃ ትሰበስባለች፤ 125 ኪሎ ማለት ነው። የውኃ ማውረጃ ቀዳዳዋ ተደፍኖ ከታደረ ጠዋት ክንዱ ተጣሞ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ስንመለስ ከኋላ የምንጎትታት ዲንጊ ተንደርድራ መጥታ ትልቋን ጀልባ መታቻት። ወዲያው ውኃ ሞላት፣ ገመዱም ተበጠሰ። ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ 4 ሜትር ርዝመት ነበረው። ጠዋት ስንሄድ ግን አንዳች ችግር አልነበረም። ምን አጠፋን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የገመዱም የሰዓቱም ጥፋት ነው። ጠዋት ጣና ብዙ ጊዜ ረግቶ ይቆያል። ፀሐይ የብሱን ስታሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይዞራል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ሰው ማዕበሉን ከጀርባው ይቀበላል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ስለማይበልጥ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ዲንጊዋ ቀላል ናት፤ የማዕበሉ ቁልቁለት ላይ ስትወጣ ከትልቋ ጀልባ ፈጥና ትንሸራተታለች። ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት ስለማይችል የሚያቆማት የለም። አራት ሜትር ደግሞ ለመንደርደሪያ በቂ፣ ለመሸሽ ግን የማይበቃ ርቀት ነው። ወደ ጎን ዞራ ገመዱ በድንገት ሲወጠር ትገለበጣለች።

መጎተት ግድ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖሊፕሮፒሊን ገመድ 20 ሜትር ያዙ። የሚንሳፈፈውን የምንመርጠው ፕሮፔለር (ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ምላጭ) ውስጥ የመግባት ዕድሉ ስለሚያንስ ነው። ጉዳቱ ፀሐይ ማድረቁ ነው፤ ገጹ ሲሻክርና በእጅ ሲታሽ ብናኝ ሲጥል በአዲስ ይተካ። በዲንጊዋ በኩል የሚታሰረው ከላይ ጠርዟ ላይ ሳይሆን ፊቷ ላይ፣ ከውኃው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቀለበት ነው፤ ያኔ ሲሳብ አፍንጫዋን ያነሣላታል። በትልቋ ጀልባ በኩል ገመዱ እንደ ባላ ተከፍሎ የኋላ ቀኝና ግራ ማሰሪያ ላይ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ግራ ቀኝ አትወዛወዝም። ርዝመቱን በጉዞ ላይ አስተካክሉ። ከ10 እስከ 15 ሜትር መካከል እየለቀቃችሁና እየሰበሰባችሁ፣ ትልቋ ጀልባ ማዕበል ስትወጣ ዲንጊዋም አብራ የምትወጣበትን ቦታ ፈልጉ። አሁንም የምትንደረደር ከሆነ ከዲንጊዋ ኋላ ሌላ 10 ሜትር ገመድ ሁለቱን ጫፍ አስራችሁ እንደ ቀለበት በውኃው ላይ እንዲጎተት አድርጉ፤ ፍሬን ይሆናታል።

ዲንጊዋ ውስጥ ምንም አይቅር፤ ሞተርም፣ መቅዘፊያም፣ ጀሪካን ቤንዚንም። ከመቆማችሁ፣ ከመዞራችሁና ወደ ኋላ ከመንዳታችሁ በፊት አንድ ሰው ገመዱን እስከ አንድ ሜትር ይሰብስበው። ላላ ብሎ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠም ገመድ የመጎተት ዋና ጠንቅ ነው።

ውኃ ከሞላት በኃይል አትጎትቷት። ግማሽ የሞላች ዲንጊ ከ300 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ቀለበቷ ይነቀላል እንጂ አትመጣም። ሸራውን አውርዳችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ነፋሱ በማይመታው ጎን አስጠግታችሁ በባልዲ ጭለፉ። ወደ ውስጧ ሰው አይውረድ።

የእኛ ልክ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ከዘጌ የምትነሡት ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ቢታይም፣ ዲንጊዋ ወለል ላይ ትውጣ። መሐል ሐይቅ ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ በኋላ ማንሣት ጣት ያስቆርጣል።

ጥያቄ፦ ለ2.5 ሜትር ዲንጊ 2.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበቃል ወይስ 5 ልግዛ? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 2.5 የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጥዎ 2 ገደማ ነው፣ 5 የተጻፈበት ደግሞ ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል። መልሕቅ ከጣሉበት እስከ ዳር ያለው ከ500 ሜትር ካልበለጠ 2.5 ይበቃዎታል። የምንመርጥበት ዋና ምክንያት ክብደቱ ነው፤ ትንሹ ከ13 እስከ 18 ኪሎ ስለሚሆን አንድ ሰው ከዲንጊ ወደ ትልቋ ጀልባ ያቀብለዋል። 5ቱ 25 ኪሎ ያልፋል፤ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ቆሞ ያንን ማንሣት ለወገብም ለሞተሩም ክፉ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ጥላሸት የሚይዝ ከሆነ መካኒክ አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ጂግለር (የካርቡሬተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ) ያስገባልዎ። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ከሆነና መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ በዓይን ግምት አይቀላቀል።

ከማዘዝዎ በፊት የዲንጊዋን የኋላ ሳንቃ ከፍታ ይለኩ። 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አጭር እግር ያለው ሞተር ነው የሚስማማት። ረጅሙን ከገዙ ጎርጎራ ዳር በግንቦትና በሰኔ፣ ሐይቁ ዝቅ ሲል፣ ፕሮፔለሩ ጭቃ ያርሳል። ማቀዝቀዣ ውኃው ከሞተሩ ጎን እንደ ክር ሲፈስ ይታያል፤ ከቆመ ወዲያው ያጥፉ፣ የውኃ መሳቢያው ቀዳዳ ላይ ሣር ወይም ጭቃ አለ። መቅዘፊያ ሁለት፣ ሞተሩ አዲስም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ይኑር።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን በታንኳ ኖረዋል። ለምን ዲንጊ እንገዛለን? አንድ ታንኳ ከኋላ አስረን ብንሄድ አይሻልም? (ከዘጌ)

መልስ፦ ታንኳን እናከብራለን። የሚሠራበት ደንገል ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ውኃ ቢገባበትም አይሰጥምም፤ የማገዶ ክምር ይዞ ከዘጌ ባሕር ዳር የሚደርሰውም በዚህ ነው። ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ትልቋን ጀልባ ተጠግቶ ቢቆም ቀለሟን አይፍቅም። ግን ደንገል ውኃ ይጠጣል። ከአገልግሎት በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልቆመ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዕድሜውም በሳምንታትና በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው። ትልቋ ጀልባ ወለል ላይ ለማውጣት ይረዝማል፤ የረጠበው ደግሞ ለሁለት ሰው ጉልበት አይነሣም። በሞተር ፍጥነት ሲጎተት አፍንጫው ውኃ ውስጥ ይገባል፣ እስራቱም ይላላል፤ የተሠራው ለቀዛፊ ክንድ ነው።

የሚሻለው ሌላ ነው። የምትሄዱበት ቦታ ታንኳ ካለ ዲንጊያችሁን ሳታወርዱ ባለታንኳውን ጥሩ፤ ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ። የዳሩን ድንጋይና የውኃውን ልክ ከማንም ይልቅ ያውቃል። እግራችሁንም ከውኃ ያተርፋል። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለና ደንገልና ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መውረድ አይገባም። በራሳችሁ ዲንጊ ስትጠጉም ረጅም ቦቲ ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ የገዛኋት የጎማ ጀልባ ማታ ጠንካራ ሆና ታድርና ጠዋት ትለሰልሳለች። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ ሁለት ቦታ ቢያጣብቅልኝም ያው ናት፤ እንዲያውም አንዱ ጥፍጥፍ ተነሣ። ሻጩ ደግሞ ምንም አልሆነችም ይላል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅታችን፣ ሻጩ ልክ ሊሆን ይችላል። አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እኩለ ቀን ላይ፣ ውስጧ ያለው አየር 45 ዲግሪ ሞቆ ሳለ 0.25 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከሞሏት፣ በታኅሣሥ ንጋት 12 ዲግሪ ሲሆን ያለ ምንም ቀዳዳ ወደ 0.14 ባር ትወርዳለች። በተገላቢጦሹ በንጋት 0.25 ሞልተው ፀሐይ ላይ ቢተዉአት 50 ዲግሪ ስትደርስ ወደ 0.39 ባር ትወጣለች። ስፌቷን የሚከፍተው ይህ ነው። ስለዚህ ግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ ይያዙ፤ ጠዋት ከሆነ 0.2 ላይ ያቁሙ፤ ፀሐይ ላይ የምትውል ከሆነ ሸራ ያልብሷት። ሸራው ጨርቋንም ያተርፋል፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይ በባሕር ጠለል ልክ ካለ ቦታ ይልቅ ትበረታለች።

በእርግጥ የምታፈስ መሆኗን ለማወቅ ንጋት ላይ ሞልተው በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይለኩ። ከቀነሰች የሳሙና አረፋ በስፖንጅ ይቀቡ፤ መጀመሪያ ቫልቩን። የአሸዋ ቅንጣት ቫልቩ ክዳን ሥር ገብታ ቀዳዳ የምትመስልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፈትቶ ማጠብ ይበቃል።

ጎሚስታው ያጣበቀው የተነሣው ሙያ ስለጎደለው አይደለም፤ የመኪና ጎማና ይህ ጨርቅ ስለሚለያዩ ነው። ጀልባዋ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራች ከሆነች የጎማ ሙጫ አይይዛትም፣ የእሳት መተኮሻው ደግሞ ያቀልጣታል። የጫማ ማስቲሽም ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል። ለመለየት በማይታይ ቦታ አሴቶን የነካ ጨርቅ ያሹ፤ ገጹ ከተጣበቀ ፒቪሲ ነው። ለፒቪሲ ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀልበት የፖሊዩሬቴን ሙጫ ይፈልጉ፤ ሃይፓሎን ለሚባለው ጎማ ግን ሙጫው ሌላ ነው፣ ገጹም አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አየሯን ፈጽሞ ያውጡ። ጥፍጥፉ ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን ከጫፉ ይነሣል። ሁለቱንም ገጽ ያጽዱ፣ ስስ ሙጫ ይቀቡ፣ በጣት ሲነካ እስኪጣበቅ ይጠብቁ፣ ደግመው ይቀቡ፣ እንደገና ይጠብቁና ያጋጥሙ። ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ ጠንክረው ያሹት። ከ24 ሰዓት በፊት አይንፏት። ዝናብ ባለበት ቀን ግን አይጀምሩት። አየሩ እርጥብ ሲሆን ሙጫው ላይ የማይታይ ጤዛ ያርፋል፤ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሻለው ዝግ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ በወጣች ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ባለበት በዲንጊ ማለፍ ይቻላል? ከዚያ ስንመለስስ ማጠብ ግድ ነው? (ከፎገራ)

መልስ፦ ዘርዘር ብሎ ከሆነ ሞተሩን አንሥታችሁ በረጅም በትር እየገፋችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ጥቅጥቅ ካለ አትግቡ። መቅዘፊያው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውኃ አያገኝም፤ ፕሮፔለሩ ሥሩን ጠምጥሞ ይቆማል፤ ነፋስ ደግሞ ከኋላችሁ ሌላ ክምር አምጥቶ ይዘጋባችኋል።

ማጠቡ ግድ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ወዲህ (በፈረንጆች አቆጣጠር) የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የደረሰበትን እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። ከአንዲት ቁራጭ ግንድ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከዚያው ቦታ ሳትነሡ መልሕቁንና ገመዱን በእጅ እየዳሰሳችሁ አራግፉ። የመቅዘፊያ ማሰሪያ ሥር፣ የሞተር እግር ዙሪያ፣ በጎማ ጀልባ ደግሞ ወለሉና ቱቦው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ፈልጉ፤ የሚደበቀው እዚያ ነው። ውስጧ ያለውን ውኃ እዚያው አፍስሱ። የለቀማችሁትን ወደ ሐይቁ አትመልሱት፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ከውኃው ርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ዲንጊዋንም ሌላ ዳር ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ገልብጣችሁ አድርቋት።